አንዱ ያለ ስኳር፣ አንዱ በጨው፦ የቡና አጠጣጣችን ለምን ተለያየ?

ከመሥሪያ ቤታችን በር ፊት ለፊት ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። ስድስት በርጩማ፣ አንድ ረከቦት፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ መሬቱ ላይ ቄጠማ። ጠዋት ሳያት የሚገርመኝ ማስታወሷ ነው። ደንበኛዋን "ምን ይሁንልህ?" ብላ አትጠይቅም። ለሾፌራችን ወፍራም፣ ያለ ስኳር። ለሒሳብ ሠራተኛዋ በጤና አዳም፣ ስኳር ግማሽ ማንኪያ። የጥበቃ ሠራተኛው ጋሼ የወሎ ሰው ናቸው፤ ለእሳቸው ቆንጠር የተደረገች ጨው። ለእኔ ሁለት ማንኪያ ስኳር፣ ያውም በድብቅ። ሾፌሩ ካየ አለቀልኝ።

"አንተ እኮ የምትጠጣው ሽሮፕ ነው" ይለኛል። "ቡና ማለት ያለ ስኳር ነው፤ ሌላው የልጅ ጨዋታ ነው።"

ጋሼ ደግሞ "ስኳር ትናንት የመጣ ነገር ነው" ይላሉ። ክርክሩ ከተጀመረ ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን ያሸነፈ የለም። የሚያሸንፍም አይመስለኝም። ከአንድ ጀበና የተቀዳው ቡና እያንዳንዳችን አፍ ውስጥ ሲገባ ሌላ ሌላ ነገር ይሆናል። የልዩነቱ ምክንያት ደግሞ በዋናነት ሦስት ቦታ ነው ያለው፦ ምላሳችን ላይ፣ ጉበታችን ውስጥ እና ያደግንበት ቤት።

ለአንዱ የሚመረው ለሌላው ለምን አይመረውም?

እ.ኤ.አ. በ1931 አርተር ፎክስ የሚባል አሜሪካዊ ኬሚስት ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ዱቄት ሲገለብጥ ብን ብሎ ተበተነበት። አጠገቡ የነበረው ባልደረባው "ኧረ ይመራል!" ብሎ አማረረ። ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰም። ተከራከሩ። ነገሩ ስላልተዋጠለት ፎክስ ያገኘውን ሰው ሁሉ ማስቀመስ ጀመረ። ከፊሉ "መራራ ነው" አለ፤ ከፊሉ "ምንም አይልም" አለ። በኋላ ሲጠና ልዩነቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ ሆኖ ተገኘ።

ምላሳችን ላይ መራራን የሚለዩ ተቀባዮች አሉ። ተቀባዩን እንደ ጓጉንቸር፣ መራራውን ነገር እንደ ቁልፍ አስቡት። ቁልፉ ሲገጥም "መረረኝ" የሚል መልእክት ወደ አንጎል ይሄዳል። ሰው እንዲህ ያሉ ወደ 25 የሚጠጉ የጓጉንቸር ዓይነቶች አሉት። የእኔና የሾፌሩ ግን በጥቃቅኑ ሊለያይ ይችላል፤ ቁልፉ እሱ ዘንድ ላላ ብሎ እኔ ዘንድ ጥብቅ ብሎ ይገጥም ይሆናል። ስለዚህ "ምን ያስመርርሃል?" ብሎ ሲስቅብኝ፣ እሱ ያልቀመሰውን እየቀመስኩ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። (ይህን ነግሬዋለሁ። አልተቀበለኝም።)

እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በብሪታኒያ ከ400,000 በላይ ሰዎች ከወላጅ የወረሱትን የዘረመል መረጃ አይቶ ነበር። አንድ ሰው "ምሬት የሚበዛበት ቡና ይሸሻል" ብሎ ይገምታል። የተገኘው ተቃራኒው ነው። የካፌይን ምሬት በውርስ ጎላ ብሎ የሚሰማው ሰው ቡና የሚጠጣው ይበልጥ ነው። አጥኚዎቹ የሰጡት ማብራሪያ፣ ሰውየው ምሬቱን ከሚከተለው መነቃቃት ጋር አያይዞ ለምዶታል የሚል ነው። ምሬቱ ለእሱ "ሊነጋልህ ነው" የሚል ደወል ሆኗል።

አንድ የተለመደ ስህተትም እዚሁ ላርም። ብዙ ሰው "ሲመር ኃይለኛ ነው፤ ሲጠቁር ደግሞ የባሰ ኃይለኛ ነው" ይላል። የቡና ምሬት ከካፌይን የሚመጣው በትንሹ ነው። አብዛኛው የሚፈጠረው ሲቆላ ነው። ካፌይኑ ራሱ ሙቀት የሚችል ስለሆነ ቢጠቁርም ባይጠቁርም ብዙ አይለወጥም። ኃይሉን የሚወስነው ስንት ማንኪያ ዱቄት ጀበናው ውስጥ እንደገባና የቡናው ዝርያ ነው። የእኛ አገር ቡና አረቢካ ነው፤ ካፌይኑ ከክብደቱ 1.2 ከመቶ ገደማ ነው። ሮቡስታ የሚባለው ሌላው ዝርያ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ጨው ቡና ውስጥ ምን ይሠራል?

ጋሼ ስለ ስኳር የሚሉት እውነት ነው። ስኳር ለቡናችን አዲስ እንግዳ ነው። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ በፊት ስኳር ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር። ጨው ግን ከአፋር በግመል ተጭኖ ደጋ ድረስ ሲወጣ ኖሯል፤ አሞሌው እንደ ገንዘብም አገልግሏል። ባላገሩ ቡናውን ሊያጣፍጥ ሲፈልግ እጁ የሚያርፈው ጨው ላይ ነበር። ዛሬም በብዙ የገጠር አካባቢ እንደዚያው ነው።

ሳይንሱም ለጋሼ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1997 ፖል ብሬስሊንና ጋሪ ቦሻምፕ የተባሉ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ሙከራ ጨው ምሬትን እንደሚያፍን አሳይቷል። የእድር ስብሰባ አስቡ። አንድ ጯሂ ሰው አለ። እሱ እየጮኸ የሌላው ሰው ሐሳብ አይሰማም። አንዱ ሽማግሌ ክንዱን ያዝ አድርገው "ተው እስቲ" ሲሉት ዝም ይላል፤ ያኔ የሌሎቹ ድምፅ መሰማት ይጀምራል። ጨው እንደ ሽማግሌው ነው። ምሬቱ ሲረግብ ቡናው ውስጥ ድሮም የነበረው ጣፋጭነት ብቅ ይላል። ለዚህ የሚያስፈልገው በሁለት ጣት ጫፍ የምትያዝ ነች። ጨዋማነቱ ከተሰማችሁ በዝቷል።

ስኳር የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ምሬቱ እንዳለ ሆኖ ጣፋጩ አንጎላችን ውስጥ ይሸፍነዋል። ወተት ደግሞ ፕሮቲኑ አፍን የሚያኮማትሩትን ነገሮች ይይዛቸዋል፣ ቅባቱም ምላስ ላይ ይለሰልሳል። ማኪያቶ በጣሊያንኛ "ነጠብጣብ ያረፈበት" እንደማለት ነው፤ ቡናው ላይ ወተት ጠብ ተደርጎበታል ማለታቸው ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ወተቱ በዛ፣ ብርጭቆ ውስጥም ተነባብሮ መታየት ጀመረ። አሁን "ጠቆር ያለ"፣ "ነጣ ያለ" እያሉ ማዘዝ የራሱ ቋንቋ ሆኗል። ሻይና ቡና ቀላቅሎ ስፕሪስ የሚጠጣም አለ። ስለ እሱ ምንም አልልም፤ ወንድሜ ስፕሪስ ጠጪ ነው።

ቅቤም አለ። በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በኦሮሞ አካባቢዎች ቅቤ የገባበት ቡና ለእንግዳ ክብር ነው። የኦሮሞ ቡና ቀላ እንዲያውም የቡናውን ፍሬ በቅቤ ጠብሶ ማቅረብ ነው። የቡና ሽታ የሚሸከሙት ነገሮች ብዙዎቹ በቅባት ውስጥ ይሟሟሉ፤ ስለዚህ ቅቤው ሽታውን ይዞ አፍ ውስጥ ይቆያል። አሜሪካ ውስጥ ቅቤ ያለው ቡና እንደ አዲስ ግኝት ሲወራ ሳይ ሳቄ የሚመጣው ለዚህ ነው። ሐረር አካባቢ ብትሄዱ ደግሞ ፍሬውን ትተው ቅጠሉን አፍልተው የሚጠጡ ታገኛላችሁ፤ ቁቲ ይሉታል።

ጤና አዳም ሥራው አፍንጫ ላይ ነው። "ጣዕም" ከምንለው ውስጥ ብዙው ሽታ ነው። አፍንጫችሁን ይዛችሁ አንድ ጊዜ ፉት በሉ፤ የሚቀረው መራራና ትኩስ ውሃ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው "ቡናው ውሃ ውሃ አለኝ" ሲል ቡና አፍይዋን ባይወቅስ ጥሩ ነው።

የራሳችን ይርጋጨፌ ውጭ አገር ሲጠጣ ለምን ይጎመዝዛል?

አክስቴ አሜሪካ ልጇ ጋ ሄዳ ነበር። ልጅት ልታስደስታት አንድ ዘመናዊ ቡና ቤት ወሰደቻት። ግድግዳው ላይ "ይርጋጨፌ" ተብሎ ተጽፏል። አክስቴ ኮራች፣ አዘዘች፣ ፉት አለች። "ልጄ፣ ይሄ ሎሚ ተጨምቆበታል?" አለች። ስኳር ስትጠይቅ ደግሞ ቀጂው ልጅ "ሳይነካ ቢጠጣ ይሻላል" አላት። እስከ ዛሬ ትናደዳለች።

ሎሚ የገባበት የለም። ልዩነቱ አቆላሉ ላይ ነው። ቡና ጥሬው ብዙ ዓይነት አሲድ አለው። ገና ቡናማ መልክ ሲይዝ ከእሳት ከወረደ አሲዱ ሳይጠፋ ይቀራል፤ የአበባና የፍራፍሬ ሽታውም አብሮ ይቀራል። እነዚያ ቡና ቤቶች የሚሸጡት ይህን ነው። ገዢው የይርጋጨፌን ከሌላው የሚለየው በዚሁ ሽታ ነውና ስኳር ሲጨመርበት የከፈለበትን ነገር የሸፈነ ይመስላቸዋል።

የአክስቴ ምጣድ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ቡናው ይንጣጣል፣ ይጠቁራል፣ ላዩ በዘይት ያብረቀርቃል፤ ከዚያ ጭሱ ለእንግዳው በየተራ ይቀርባል። እዚያ እስኪደርስ አሲዱ ተቃጥሎ ጎምዛዛው ይጠፋል፤ በምትኩ ምሬትና የጭስ ሽታ ይመጣል። ስኳሩም ጨውም ቅቤውም የተፈለገው ለዚህ ቡና ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱ አቆላል ስኳር አይፈልግም፣ ሌላው ይጠራዋል።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖች "ቡናውን ከአገር ቤት አስመጥቼ፣ ጀበናውም የአገር ቤት ሆኖ፣ ያው አይሆንልኝም" ሲሉ እሰማለሁ። ናፍቆት ብቻ ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ ግን፣ ዱባይም ሆነ ቴል አቪቭ፣ 100 ዲግሪ ይደርሳል። ይበልጥ የሞቀ ውሃ ከዱቄቱ ይበልጥ ይጎትታል፤ ምሬቱንም ጭምር። እዚያ ያላችሁ ጀበናውን እንደ አገር ቤት ለረጅም ጊዜ እንዲንተከተክ ባታደርጉት ይሻላል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ቡና እሱን ለምን ያስተኛዋል?

ሾፌሩ ማታ 3 ሰዓት ላይ ጠጥቶ እንደ ሕፃን ይተኛል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ከ8 ሰዓት በኋላ ከጠጣች ጣሪያ ስታይ ታድራለች። "የሐሳብ ነው" ይላታል። አይደለም።

መጀመሪያ ካፌይን ምን እንደሚያደርግ እንይ። ቀኑን ሙሉ ስንሠራ አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ነገር ይጠራቀማል። የድካም መልእክተኛ በሉት። በርጩማ አግኝቶ ሲቀመጥ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ካፌይን ከእሱ ጋር በመልክ ስለሚቀራረብ ቀድሞ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። መልእክተኛው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ድካሙ አልጠፋም፤ ቦታ አጥቶ ነው። ካፌይኑ ሲነሳ ቆሞ የነበረው ሁሉ በአንዴ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ድንገት ዱብ የሚለን ድካም ከዚህም ይመጣል።

ካፌይኑን ከደም የሚያወጣው ጉበት ነው። ጉበትን እንደ ሲኒ አጣቢ ቁጠሩት። እጁ ፈጣን የሆነ አጣቢ ሲኒው ሳይከማች ይጨርሳል። እጁ ቀስ የሚል ከሆነ ሲኒው ይቆለላል። ፍጥነቱን በአብዛኛው በዘር ነው የምናገኘው። በአማካይ ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለአንዳንዱ 2 ሰዓት ይበቃዋል፣ ለሌላው 9 ሰዓትም ይሄዳል። በአማካዩ ብናሰላ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ከጠጣችሁት ውስጥ ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሩቡ ደማችሁ ውስጥ ነው።

የአጣቢውን እጅ የሚያፈጥንና የሚያዘገይ ሌላም ነገር አለ። ሲጋራ ያፈጥነዋል። ስለዚህ ሲጋራ ያቆመ ሰው ያው የለመደው ቡና ድንገት ልቡን ሊያስመታው ይችላል፤ ቡናው አልተለወጠም፣ አጣቢው ነው የዘገየው። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በተቃራኒው ያዘገየዋል። እርግዝናው ሲገፋ ደግሞ ግማሹ ለመውጣት እስከ 15 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ካፌይኑ ከተፈጥሮ አነስተኛ የሆነ የአረቢካ ተክል እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች ይፋ አድርገዋል። ዘሩ ከየት የሄደ ይመስላችኋል? ከኢትዮጵያ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተሰበሰበ ዘር ነው።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ እኩል ናቸው?

አይደሉም። ዱቄቱ አንድ ነው፤ ውሃው ነው ሦስት ጊዜ የሚጨመረው። ካፌይን ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚሟሟ አብዛኛው በአቦል ይወጣል፤ በረካ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። እናቶቻችን ለልጅ በረካ ብቻ ሲያቀምሱ ላቦራቶሪ አላስፈለጋቸውም። ብዙዎቻችን ምሬትን የለመድነውም እንደዚያ ነው፤ ቀጭን በረካ፣ ስኳር በዛ ያለ፣ ከፈንዲሻ ጋር። ልጅ መራራን በተፈጥሮው ይተፋል። ከቤቱ ሽታ፣ ከጨዋታው፣ ከእናቱ ጉልበት አጠገብ ከመቀመጥ ጋር ሲመጣ ግን ይለምደዋል። ያኔ የለመደው ልክ አብሮት ያድጋል። ጋሼ ከጨው ሌላ የማይጥማቸው፣ እኔ ከስኳር የማልላቀቀው በዚህ ነው።

ሳልጠጣ ስውል ራሴን የሚያመኝስ?

ስቅለት የዋለ ሰው ይህን ያውቃል። ሐራራ የምንለው ነው። በየቀኑ በርጩማው በካፌይን ሲያዝበት አንጎል ተጨማሪ በርጩማ ይሠራል። ካፌይን አንድ ቀን ሲቀር መልእክተኛው ሁሉም ላይ ይቀመጣል። የአንጎል የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ራስ ይከብዳል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው ሲኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ጨርሶ ለተወ ሰው ከ2 እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። ረጅም ጾም የሚጠብቀው ሰው ቀደም ካሉት ቀናት ጀምሮ ሲኒውን ቢቀንስ ይቀለዋል።

ታዲያ ስንት ይበቃል?

የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መሠረት ጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን ቢወስድ ጉዳት አያሰጋውም። ለነፍሰ ጡር ልኩ 200 ነው። አንድ የማሽን ቡና፣ ማለትም 60 ሚሊ ሊትር፣ 80 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል። የጀበና ግን እንደ አፍይው እጅ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ጤና አዳሙንም ብታቆይ ይመረጣል።

እኔ የምፈራው ስኳሩን ነው። ትንሿ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ትይዛለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሁለት ሁለት ማንኪያ ሲጠጣ 24 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ "ከዚህ ቢያንስ ይሻላል" የሚለው የቀን ጭማሪ ስኳር 25 ግራም ገደማ ነው። አንድ ዙር ቡና ብቻውን የቀኑን ጨረሰው።

ደም ማነስ ያለበት ሰው ደግሞ ምሳውን እንደበላ ባይጠጣ ጥሩ ነው፤ ቡና ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ከምግቡ እንዳይወሰድ ይይዘዋል። ሌላው የሙቀቱ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ ማንኛውም መጠጥ ጉሮሮን ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል ብሏል፤ ቡናውን ራሱን ግን ከጥርጣሬ ዝርዝሩ አውጥቶታል። የእኛ ሲኒ ጆሮ የለውም። ጣት ካልቻለው ጉሮሮም ባይሞክረው ደግ ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ባለፈው ሰኞ ልጅቷን "ዛሬ የእኔን ተዪውና የጋሼን ዓይነት ስጪኝ" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ጨው ቆንጠር አድርጋ አማስላ ሰጠችኝ። ፉት አልኩ። እውነትም ምሬቱ ረገብ ብሏል። ጋሼ በዓይናቸው ጠየቁኝ።

"ጥሩ ነው ጋሼ" አልኩ።

ልጅቷ ማንኪያዋን ስኳሩ ውስጥ እንዳስገባች ትጠብቀኛለች። ሾፌሩ ስልክ ተደውሎለት ፊቱን እስኪያዞር ጠበቅሁና "በይ አንድ ብቻ" አልኳት።